ስለ ቤቲንግ ክፍል ውስጥ ማስተማር ጥቅም አለው?

መምህር ከማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝን ኳስ ቲኬት ሳይቆርጡ የሚያዩ ተማሪዎች እያነሱ ነው። ለ11ኛ ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ አግኝቻለሁ። «ቁማር ቤት ያፈርሳል» የሚለውን ምክር ጠግበውታል። ትምህርት በእውነት ይከላከላል? ምንስ ላስተምር?

የሂሳብ መምህር፣ አዘዞ፦
ገና ላልገቡበት በመጠኑ ሊረዳ ይችላል። ግን ንግግሩን ትተው ያስቆጥሯቸው።

64 ተማሪ ካለ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲምና 5 ሽምብራ ይስጡ። በየዙሩ አንድ ሽምብራ ያስይዝና ሳንቲሙን አምስት ጊዜ ይወርውር። አምስቱም አንበሳ ከወጣ 21 ሽምብራ ይከፈለዋል። ይህ የአምስት ጨዋታ ቲኬት ነው፤ የአንዱ ኦድ (ካሸነፉ ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር) 1.85 ሲሆን አምስቱ ሲባዙ 21.67 ይመጣል። ትክክለኛው ክፍያ ግን 32 ነበር፣ 2 አምስት ጊዜ ሲባዛ። ቤቲንግ ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ የሚቆርጣት ትንሽ ነገር እየተባዛች ነው ልዩነቱ እዚህ የደረሰው። በአስር ጨዋታ ቲኬት ላይ ከመቶ ብር 46 ያህል ብቻ ነው በአማካይ የሚመለሰው፤ ልጆቹ ደግሞ የሚወዱት ረጅሙን ቲኬት ነው።

አንድ ዙር ብቻ አድርገው እንዳያቆሙ! በአማካይ ሁለት ሰው ያሸንፋል፣ ግን በዕድል አራት ወይም አምስት ሊያሸንፍ ይችላል፤ ያኔ ትምህርቱ ተገልብጦ ማስታወቂያ ይሆናል። አምስት ዙር ያድርጉና ድምሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ የገባው 320፣ የሚወጣው ወደ 210።

ከዚያ «አራት ያገኘ እጁን ያውጣ» ይበሉ። በየዙሩ አስር ያህል እጅ ይነሳል። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚሉት እነዚህ ናቸው። ለማሸነፍ የተቃረቡ ይመስላቸዋል፤ ሳንቲሙ ግን ያለፈውን አያስታውስም፣ ቀጣዩ ቲኬትም እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
በሂሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ስሌቱን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎችም ይያዛሉ። አንዳንዱ ልጅ እንዲያውም «አሁን ገባኝ፣ እበልጠዋለሁ» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ለምልክቶቹ ይስጡ፦ የተበላን ብር ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ፣ መደቡን እየጨመሩ መሄድ፣ መዋሸት፣ መበደር፣ ሲያቆሙ መነጫነጭ። በሕክምና መመዘኛው ከዘጠኝ ምልክቶች አራቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከታዩ ሱስ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ሳይሆን ሕክምና ነው የሚያስፈልገው።

መምህር ከማራኪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዕዳ ውስጥ የገባ ልጅ ቢያጋጥመኝስ?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ክፍል ፊት አያንሱት፣ ለብቻው ያናግሩት። ቤተሰብ ዕዳውን ለመክፈል ብር በእጁ ከሰጠው እዚያው ቤቲንግ ቤት ሊገባ ይችላል፤ ለአበዳሪው በቀጥታ ይክፈሉ፣ ዕዳውም ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የኪስ ገንዘቡ በቀን በቀን ይሁን፣ ቴሌብሩን በፈቃዱ ለእናቱ ወይም ለታላቁ ያስረክብ፣ የውርርድ አካውንቱንም ያዘጋው። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ እንዳይሆን ሥራ ይፈለግለት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ወደዚያ ይላኩት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሰው አብሮት ይሂድ።