እናቴን ከኖርዌይ ትንሽ ከተማ እስከ ጅማ ብቻዋን እንዴት እናምጣት?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ እህቴን ልታርስ ኖርዌይ ሄዳ እዚያው ናት። ከተማዋ ፎርደ ትባላለች፣ በምዕራብ በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አሁን መመለሻዋ ደርሷል። ከኦስሎ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መመለሻ ቲኬት አላት፣ ቀኑን መቀየር ይቻላል። ከፎርደ ኦስሎ እና ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው ግን ገና አልተገዛም።

የፎርደ ኤርፖርት ሚጢጢ ነው። ከዚያ የሚነሳው ቪደሮ የሚባለው የኖርዌይ አየር መንገድ ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። እማዬ አማርኛና ኦሮምኛ አሳምራ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ግን የለም። የግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ቪዛዋ ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል።

ኦስሎ ላይ ስንት ሰዓት እንተውላት? ቦሌ ስትደርስስ የጅማውን አውሮፕላን ብቻዋን ታገኘዋለች ወይ? እኔ ያለሁት ጅማ ነው፣ አዲስ አበባ የሚቀበላት የቅርብ ሰው የለንም።

ሂርማታ፦
ምን ያስጨንቅሻል? ኦስሎ ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ኤርፖርቱ አንድ ሕንፃ ነው፣ አያደናግርም። የሚያዋጣሽን ርካሽ ቲኬት ግዢ።

ዝናብ ለመድኩ፦
ሂርማታ፣ በሐምሌ ቢሆን እሺ። በክረምታቸው ግን አይሆንም። እኔ በርገን ነው የምኖረው። ፎርደ ተራራ መሃል ያለ አጭር ሜዳ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ወይ ነፋሱ ሲበረታ በረራው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል።

ችግሩ ደግሞ ቲኬቶቹ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከፎርደ እስከ አዲስ አበባ በአንድ ቲኬት ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣት ሌላ በረራ የመፈለጉ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆን ነበር። ምግብና ማደሪያም በሕጉ ይሰጣታል፤ የአውሮፓ ኅብረት የመንገደኞች መብት ሕግ ኖርዌይም ላይ ይሠራል። ለየብቻ ስትገዙ ግን የኦስሎው አየር መንገድ የሚያውቀው ነገር የለም። በሰዓቱ አልመጣችም፣ በቃ።

ስለዚህ መጀመሪያ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቢሮ ጠይቁ። ቀኑ ሲቀየር የፎርደውን በረራ እዚያው ቲኬት ላይ መጨመር ይቻል እንደሆነ ይነግሯችኋል። እምቢ ካሉ ትልቁን የሰዓት ክፍተት ሁለቱ ቲኬቶች የሚለያዩበት ቦታ ላይ አድርጉት፤ ማለትም ኦስሎ ላይ። ጠዋት ትነሳ፤ የጠዋቱ ቢቀር ከአዲስ አበባው በረራ በፊት የሚያደርሳት ቢያንስ አንድ ሌላ የፎርደ በረራ ይኑር።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ሙሉ ቀን ኦስሎ ብቻዋን? ኧረ ልቤ አይችልም።

ዝናብ ለመድኩ፦
ገና ሌላም አለ። ለየብቻ በተገዛ ቲኬት ሻንጣው ኦስሎ ላይ ይወርዳል። ከቀበቶው ላይ አንስተው፣ በጋሪ ገፍተው፣ ወደ መነሻው ወጥተው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። መቀበያው ደግሞ ጠዋት ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከበረራው ሦስት ሰዓት ገደማ በፊት ነው የሚከፈተው። እናትሽ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘው ይህን ሁሉ?

የእህትሽ ባል አንድ ቀን ፈቃድ ይውሰድ። አብሯቸው ኦስሎ ይብረር፣ ሻንጣውን ያስረክብ፣ ከዚያ ይመለስ። ለእሱ የምትከፍሉት ቲኬት ካመለጠ የአዲስ አበባ ቲኬት በብዙ ይረክሳል።

አዜብ ከፍራንክፈርት፦
ከበርገን ሉፍታንዛ በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ ይወስዳል፣ ሁሉም በአንድ ቲኬት። ከፎርደ በርገን አውቶቡስ አለ፣ መንገዱ ላይ በጀልባ ይሻገራል። ይህንንስ አስባችኋል?

ዝናብ ለመድኩ፦
ለወጣት ጥሩ ነው። ለእሳቸው ግን ፍራንክፈርትን የሚያህል ኤርፖርት መጨመር ምን ይሠራል? ከኦስሎ ቢነሱ ከበሩ ጀምሮ አማርኛ የሚሰማ አስተናጋጅ ያገኛሉ። ደግሞ የያዙት ቲኬት የኦስሎ ነው።

ለንደንን ደግሞ ማንም እንዳያነሳ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት እዚያ ለማለፍም ቪዛ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

የቲኬት ቢሮ ሰው፦
ሥራዬ ቲኬት ነው፣ ትንሽ ልጨምር።

መጀመሪያ ቪዛው። «ጥር መጨረሻ» ያልሽው በማን ጥር ነው? ፓስፖርቱ ላይ ያለው ጃንዋሪ 31 ከሆነ በእኛ ጥር 23 ነው። ጥር 30 እያላችሁ ብትጠብቁ በእነሱ ፌብሩዋሪ 7 ይሆናል፣ ቪዛው ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በዚያ ላይ የተፈቀደው የቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል፤ እሱ ከማብቂያው ቀን ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱንም እዩ። የመጨረሻው ቀን ላይ ደግሞ አትቁረጡ፣ በረዶ አንድ በረራ ቢያስቀር ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ።

ሁለተኛ፣ ዊልቸር ጠይቁላት። እግሯ ደህና ቢሆንም። የብዙ ሰው እናት እንዲህ ነው የምትጓዘው፣ ምንም አያሳፍርም። የሚገፋት ሰው ከመቀበያው እስከ በሩ ያደርሳታል፣ ቋንቋ አያስጨንቃትም። ኖርዌይ ኤርፖርቶች ላይ በነፃ ነው፤ ከ48 ሰዓት በፊት መጠየቅ አለበት። ለእያንዳንዱ በረራ መመዝገቡን አረጋግጡ። የኦስሎው ተመዝግቦ የጅማው የተረሳበት ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ የጅማውን ለብቻ አትግዙ። ቀኑን ስታስቀይሩ አብራችሁ አስጨምሩት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ ለገባ መንገደኛ የአገር ውስጡ ዋጋ ቅናሽ አለው። የሻንጣውንም ኪሎ በዚያው ጠይቁ፤ ለብቻው በሚገዛ የአገር ውስጥ ቲኬት የሚፈቀደው ያንሳል።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ቪዛው ጃንዋሪ ነው የሚለው! እኛ በእኛ ጥር ነበር የምንቆጥረው። እግዜር ይስጥልኝ። ቦሌስ?

የቲኬት ቢሮ ሰው፦
ከአውሮፓ የሚመጣው አብዛኛው በረራ ጠዋት በማለዳ ነው የሚገባው። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል መሄድ አለ። የመጀመሪያውን የጅማ በረራ አትያዙላት። የሚቀጥለውን ያዙ። ቁጭ ብላ ሻይ ብትጠጣ ይሻላል።

ኦስሎ ላይ ሻንጣው ሲታሰር የእህትሽ ባል ታጉን፣ ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። መድረሻው አዲስ አበባ ነው ወይስ ጅማ የሚለው? እዚያው መቀበያው ላይ «ቦሌ ላይ ትወስደዋለች ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጣት።

የአጂፕ ሰው፦
እኔ የምጨምረው ሰዓቱን ነው። ቲኬቱ ላይ 10:30 ካለ እማማ አሥር ተኩል ብለው ነው የሚያነቡት። የእኛ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከቲኬቱ ጋር አንድ ወረቀት አያይዙላቸው፣ በእኛ አቆጣጠር በትልቁ የተጻፈ። ከጀርባው በእንግሊዝኛ ስማቸው፣ መድረሻቸው፣ የአንቺና የእህትሽ ስልክ ይኑር። የኢትዮ ቴሌኮም ሲማቸውንም አሁኑኑ ሙይላቸው፣ ቦሌ ሲያርፉ እንዲደውሉ።

ሌላ፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ የእጅ ሻንጣ ከላይ አይገባም። በር ላይ ይቀበሉና ከታች ይጭኑታል። ፓስፖርት፣ ስልክና የግፊቱ መድኃኒት አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁን። ክሬምና ሽቶው ደግሞ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ። እናቶች ስጦታ ሲገዙ አይቻቸዋለሁ፣ ፍተሻው ላይ ሁሉም ይለቀማል።

የጅማው በረራ ከቀረ አትደናገጡ። አባ ጅፋር ኤርፖርት ከተማው ውስጥ ነው፣ አንቺ ቀድመሽ ደውለሽ ታጣሪያለሽ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን በወልቂጤ በኩል በመኪና ማምጣትም አለ፣ ግን ሌሊቱን በአውሮፕላን ላደረ ትልቅ ሰው አልመክርም። ከሆነም አዲስ አበባ አድረው ጠዋት ይነሱ፣ መንገዱንም ጠይቃችሁ።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ወሰንን። የእህቴ ባል አብሯት ኦስሎ ይሄዳል፣ በጠዋቱ በረራ። ቀኑን ከጥር 20 በፊት እናደርገዋለን። ነገ ጅማ ቢሮ ሄጄ የጅማውን በረራና ዊልቸሩን አስጨምራለሁ። የእሷ ቲኬት ኖርዌይ ስለሆነ ከዚህ መቀየር ይቻላል?

የቲኬት ቢሮ ሰው፦
የቦታ ማስያዣ ቁጥሩንና የፓስፖርቱን ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። በወኪል የተገዛ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወኪሉ ጋ ይደወል፤ ብዙ ጊዜ ቀን የሚቀይረው እሱ ነው።