አባቴ ከስትሮክ በኋላ ይረሳል፤ የማግኔት ሕክምና ይረዳዋል?

የጋሼ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታው። በግራ በኩል ያለ የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ተዘግቶ ነው። ቀኝ እጁና እግሩ ዝለው ነበር። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ይራመዳል፣ በራሱ እጅ ይጎርሳል። የቀረው ጭንቅላቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ዛሬ ሱቅ ሄዶ መልስ መቁጠር ያቅተዋል። ሻይ ጥዶ ይረሳል። ወሬ ይጀምርና መሀል ላይ «ምን ልል ነበር?» ይላል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አብሮ ካወራ ግራ ይገባዋል፣ ተነስቶ ክፍሉ ይገባል። ቶሎም ይቆጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

በቅርቡ ቲኤምኤስ ስለሚባል የማግኔት ሕክምና ሰማሁና አንድ ክሊኒክ ደወልኩ። «30 ጊዜ ከተሠራለት ማስታወሱ ይመለሳል» አሉኝ። ኢንሹራንስ አይሸፍነውም፣ ብዙ ሺህ ዶላር ከኪስ ነው። የእቁብ ተራዬ በሚቀጥለው ወር ነው። እህቴም ከዱባይ እጨምራለሁ ብላለች። ከመክፈሌ በፊት ግን የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው። እውነት ይሠራል? ያማል? አደጋስ የለውም? ሞካ በሚባለው የማስታወስ ፈተና ከ30 ያገኘው 17 ነው።

የማታ ፈረቃ (ዳላስ)

እህቴ፣ ጋሼን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ነርስ ነኝ፣ የስትሮክ ታማሚዎች የሚያገግሙበት ክፍል ነው የምሠራው። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ስምንት ቁጥር የሚመስል ጥቅል ሽቦ ያለበት መሣሪያ ራስ ላይ ይደገፋል። በሽቦው ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጠራል። ማግኔቱ ምንም ሳይበሳ የራስ ቅሉን ያልፍና ከሥር ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በዚህ መልክ መጀመሪያ ያሳዩት በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው። ብዙ ሰው ከኤሌክትሪክ ሾክ ሕክምና ጋር ያምታታዋል። አንድ አይደለም። ማደንዘዣ የለም። ታማሚው ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቷ ቷ የሚል ድምፅ ስላለው ጆሮ ላይ መሸፈኛ ይደረጋል። ራስ ላይ እንደ ጣት ምት ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን ራስ ምታት ሊኖር ይችላል።

የምቱ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ሲመታ ያንን የአንጎል ቦታ ባብዛኛው ያቀዘቅዘዋል። በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ያነቃቃዋል። ከስትሮክ በኋላ ደህናው ወገን የተጎዳውን ይጫነዋል የሚል ሐሳብ አለ። ስለዚህ ወይ ደህናውን ያቀዘቅዛሉ፣ ወይ የተጎዳውን ያነቃቃሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ቲኤምኤስን ለድባቴ የፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ለማይግሬን፣ ሐሳብ እየተመላለሰ ለሚያስጨንቀው ኦሲዲ፣ ሲጋራ ለማቆም ተፈቀደ። ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ መርሳት አልተፈቀደም። ሐኪም ካመነበት መስጠት ይችላል፣ ሕገ ወጥ አይደለም። «ይመለሳል» ብሎ ቃል መግባት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥናቶቹም እንደ ጉዳቱ ይለያያሉ። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ለእጅ እንቅስቃሴ ማስረጃው ጠንካራ ነው ብለዋል፤ ያውም ስትሮኩ ብዙ ሳይቆይ ሲሰጥ። ንግግር ለሚያቅታቸው ደግሞ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው አስቀምጠውታል። ለማስታወስና ለማሰብ የተሠሩት ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚመታው በግራ በኩል ያለው የግንባር ክፍል ነው። አንዳንዶቹ መሻሻል አይተዋል። ግን አንዱ ጥናት በአንድ ፍጥነት፣ ሌላው በሌላ፣ አንዱ ሁለት ሳምንት፣ ሌላው ከዚያ በላይ ስለሆነ «ለጋሼ ይሄ ይሠራል» የሚባልበት ደረጃ ላይ አልደረሰም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ዓይን የገለጠልኝ ስለሆነ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፣ ስለ ክንድ ነው። 199 ሰዎች ነበሩበት። ሁሉም ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሆናቸው ናቸው፣ ልክ እንደ አባትሽ። ከሦስቱ ሁለት እጁ እውነተኛ ማግኔት፣ ሌሎቹ ምንም የማይሠራ የማስመሰያ ማግኔት ተሰጣቸው። ሁለቱም ወገን እኩል የእጅ ልምምድ ይሠራ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከእውነተኞቹ 67 ከመቶ ተሻላቸው። ከማስመሰያውስ? 65 ከመቶ። ማስመሰያው ባይኖር ኖሮ ሁሉም ሰው «ማግኔቱ ፈወሰን» ይል ነበር። ክሊኒኩ «ብዙ ሰው ተሽሎታል» ሲልሽ ይህን አስቢ።

እንጦጦ

ነርሷ ጥሩ አስረድታሻለች። እኔ የማሳስበው አደጋውን ነው። ክሊኒኩ ስለሚጥል በሽታ ጠይቆሻል? ጭንቅላታቸው ውስጥ ብረት አለ ወይ፣ በደም ስር ላይ የገባ መቆንጠጫ፣ የጆሮ ውስጥ መሣሪያ? የልብ ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከርስ? የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር አይተዋል?

የጋሼ ልጅ

አልጠየቁም። ዕድሜውን፣ ስትሮኩ መቼ እንደሆነና እንዴት እንደምከፍል ብቻ ነው የጠየቁኝ። ብረት የለውም። ግን ሆስፒታል እያለ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰበትም። መድኃኒት ሰጥተውት ነበር፣ በኋላ አቋረጡት።

የማታ ፈረቃ (ዳላስ)

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቁሚ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቲኤምኤስ ካሉት አደጋዎች ከባዱ ይኸው መንዘፍዘፍ ነው። በጤነኛ ሰው ላይ በጣም ብርቅ ነው። ስትሮክ የመታው አንጎል ግን ጠባሳ አለው። አንዴ የተንዘፈዘፈ ሰው ደግሞ ከሌላው በበለጠ ይፈራለታል። አንዳንድ መድኃኒትም ነገሩን ያቀርበዋል። ለምሳሌ ለድባቴም ሲጋራ ለማቆምም የሚሰጠው ቡፕሮፒዮን።

ፈጽሞ አይቻልም እያልኩ አይደለም። የሚወስነው ግን የስትሮኩን ምስልና የሆስፒታሉን መዝገብ ያየ የነርቭ ሐኪም ነው፣ ስልክ ያነሳ ሰው አይደለም። ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የነገረሽ ክሊኒክ አባቴ ቢሆን አልወስደውም።

የእማዬ (ሲያትል)

እኛ ቤት ያለፈውን ልንገርሽ። እናቴ ከስትሮኩ በኋላ ዝም አለች። አትበላም፣ ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኛ አንጎሏ ተጎድቶ ነው ብለን ነበር። ሐኪሙ ድባቴ ነው አለ። ስትሮክ ከመታው ሰው ሲሶው ገደማ ይይዘዋል አለን። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሞክራ አልተሻላትም። ከዚያ ቲኤምኤስ ታዘዘላት። ለድባቴ ስለሆነ ኢንሹራንሱ ሸፈነው፣ ከብዙ ወረቀት በኋላ።

36 ጊዜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ መጨረሻ ላይ እየተራራቀ። እውነቱን ለመናገር ከሕክምናው ይልቅ መመላለሱ ነው የገደለን። እኔ ከሥራ እያቋረጥኩ፣ ወንድሜ በሌሊት ሥራ ላይ ቆይቶ እያደረሳት። አራተኛው ሳምንት ላይ ስልክ አንስታ ለጎረቤቷ ደወለች። ያን ቀን ሁላችንም አለቀስን።

ማስታወሷም የተሻለ መሰለን። ግን ማግኔቱ ማስታወሷን አሻሽሎት ነው ወይስ ሐዘኑ ሲለቃት ልቧ ተመልሶ ነው? መለየት አልቻልንም። ሐኪሙም ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም አለ። ስለዚህ ጋሼ ክፍል የሚገቡት፣ የሚቆጡት፣ ድባቴ እንዳይሆን መጀመሪያ ይታዩ።

ፊደል ገበታ (ሚኒያፖሊስ)

እኔ ስለ ፈተናው ልጠይቅሽ። 17 ያገኙት በምን ቋንቋ ተፈትነው ነው? ማን አስተረጎመ?

የጋሼ ልጅ

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልጄ አስተረጎመችለት። 14 ዓመቷ ነው፣ አማርኛዋ ደከም ያለ ነው።

ፊደል ገበታ (ሚኒያፖሊስ)

እንግዲያው 17ቱን አትመኚው። አጎቴን ሳስፈትን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሞካ ላይ አንዱ ጥያቄ ሰዓት ሥሉ ይላል። የሚታዘዘው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። አጎቴ አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ አደረጉት። ፈታኟ ስህተት ብላ ጻፈች። በእኛ አቆጣጠር እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ሲባል በፈረንጅ ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ያለው 5 ላይ ነው! ሌላው ደግሞ ዓመተ ምሕረት ተጠየቁ። የእኛን ነገሯት። ይህም ስህተት ሆነ። ወሩና ቀኑም እንደዚያው። ከዚያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በኤፍ የሚጀምሩ ቃላት ጥሩ ተባሉ፣ ነጥቡን ለማግኘት 11 ያስፈልጋል። በአማርኛ ያሰበ ሰው በየትኛው ፊደል ነው የሚጠራው? ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘትም አለ፣ ከኤ ወደ ቢ። በሀ ለ ሐ ላደገ ሰው ይሄ ሌላ ፈተና ነው።

26ና ከዚያ በላይ ነው ደህና የሚባለው። ከላይ የቆጠርኳቸውን ብቻ ብትደምሪ ስንት ነጥብ ከአንጎል ሳይሆን ከቋንቋ እንደጠፋ ታያለሽ። አባትሽ ችግር የለባቸውም እያልኩ አይደለም፣ የነገርሽን እውነተኛ ችግር ነው። ግን የት ላይ እንደተጎዱ ሳይታወቅ ማግኔቱ የት ይደገፋል?

አስተርጓሚ ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጅን ማስተርጎም ደግሞ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም። ቀጠሮ ስትይዢ «የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚ» ብለሽ አስመዝግቢ። ፈታኙም ስለ ሰዓቱና ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አስቀድሞ ይወቅ።

እንጦጦ

ብዙ ሐበሻ የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ስፒች ቴራፒስት ስም ብቻ ሰምተን መናገር ላቃተው ነው እንላለን። ማስታወስንና ትኩረትንም የሚያሠሩት እነሱ ናቸው። ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት ደግሞ የሻዩን፣ የሱቁን፣ የመድኃኒቱን ጉዳይ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ለሁለቱም ከሐኪማቸው ማዘዣ ጠይቂ። እጃቸው ሲሻል ልምምዱ ቆሞ ከሆነ ለጭንቅላታቸው እንዲቀጥል ንገሪያቸው።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ደብተር፣ አንድ ቦታ የሚቀመጥ። ስልካቸው ላይ ደወል። ሲያወሩ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ አንድ ሰው ብቻ ያውራ። ማታ የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ከሆነ እሱም ይታይ፣ እንቅልፍ የሌለው አንጎል አያስታውስም። ደም ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ነው ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ወለተ ማርያም

ልጄ፣ ጸበሉንም አትርሺ። እኔ ባለቤቴን ወስጄዋለሁ። ግን ክኒኑን አንድ ቀን አላቋረጠም፣ የንስሐ አባታችንም አቋርጥ አላሉትም። በጾም ወቅት ሰዓቱ እንዳይዛባ ሐኪሙን ጠይቀን ከምሽቱ ጋር አስተካክለነዋል።

የጋሼ ልጅ

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ጋ ሄድን፣ በዚህ ጊዜ በአስተርጓሚ። መንዘፍዘፉን ስነግረው ማግኔቱን አሁን አልመክርም አለ። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ አዘዘለት። ወደፊት ጥናት ላይ መግባት ከፈለጋችሁ የሕክምና ጥናቶች የሚዘረዘሩበት ክሊኒካል ትሪያልስ ዶት ገቭ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፣ በጥናት ላይ ታማሚው ለሕክምናው መክፈል የለበትም አለኝ። ፈተናውን በአማርኛ ደገመው፣ 22 አገኘ። ሰዓቱን ትክክል ሣለ። የጎደለው አምስቱን ቃላት ቆይቶ ማስታወስና ትኩረቱ ላይ ነው። ድባቴም አለበት፣ ቀለል ያለ። መድኃኒት ጀመረ።

ስፒች ቴራፒስቷ ጋ በሳምንት ሁለቴ ይሄዳል። ሒሳብ መምህር እንደነበር ስነግራት ልምምዱን በቁጥር አደረገችለት። ደብተሩ ላይ በራሱ እጅ ይጽፋል፣ ፊደሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ትናንት «ሻይ ጥጃለሁ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦት አገኘሁ።

የእቁቡን ገንዘብ አልነካሁትም። ሐሙስ ከሰዓት እሱን የሚያደርስ ሰው ነው ያጣሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በክፍያ የሚያመላልስ የምታውቁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።