ከፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ሌላ ካዛንቺስ ውስጥ ምን ዓይነት ቡና ቤቶች ነበሩ?

የስድስት ኪሎዋ
ስለ ካዛንቺስ ቡና ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ፈንዲቃ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጎረቤቶቹ ግን የማገኘው እፍኝ አይሞላም። አዝማሪ ቤቶች እዚያ ሰፈር ለምን ተሰበሰቡ? ምግብስ ይሸጡ ነበር ወይስ መጠጥ ብቻ? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

የመናኸሪያው ጎረቤት
ልጄ፣ ከአዝማሪው አትነሺ፤ ከሰዓት እላፊው ተነሺ። በደርግ ዘመን እዚያው ሰፈር በአንድ ቡና ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ሰዓቱ ሲደርስ በር ይቆለፋል፤ ውስጥ የቀረ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ እየጠጣ የሚያድር ደግሞ ኪሱ የሞላ ነው። ደሞዝተኛው አንድ ሁለት ብሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ታዲያ ትንሽ ቤት አዝማሪ ይዞ ምን ያተርፋል? ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እላፊው ሲነሳ ነው ማሲንቆው በየበሩ መሰማት የጀመረው።

ካዛንቺስን ለምን መረጡ ላልሽው፣ በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ኪራዩ ነው። ሰፈሩን ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ጀመሩት፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ እንግዳውም ሆቴሉም ተከተለ። ከአስፋልቱ ጀርባ ያለው ግን የጭቃ ቤት ነበር። በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ብዙው የቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ለዘመናት እዚያው ቆመ። ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ባንኮኒ ያቆመ፣ በግድግዳው ዙሪያ በርጩማ የደረደረ ሰው ባለ አዝማሪ ቤት ነው።

ወጥ ቤት ያለው ብርቅ ነበር። አስተናጋጇ በበሩ ብቅ ብላ ለጎረቤት ሥጋ ቤት ታዛለች፤ ጥብሱ በሸክላ፣ ከነፍሙ ይመጣል። ሒሳቡ ለየብቻ ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ ቢራው ግን ከተራው ቡና ቤት ይወደዳል፣ ማሲንቆውን የምትከፍዪው በዚያ ነው። የአዝማሪው እንጀራ ሽልማት ነው፤ ግጥም ሰጥተሽ "ተቀበል" ትያለሽ፣ ይቀበልልሻል፣ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፊለታለሽ። ሳትሰጪው ሲቀር ደግሞ በገዛ ግጥሙ ይነካሻል። የእኔ ራሰ በራነት የስንቱን አዝማሪ ልጅ እንዳሳደገ እግዚአብሔር ይወቀው።

እስክስታ ወዳድ
ጋሼ እንዳሉት ነው። በፈንዲቃ ላይ ልጨምር። እስክስታ ጨፋሪው መላኩ በላይ ወደዚያ ቤት የገባው ለሽልማት የሚጨፍር ወጣት ሆኖ ነው፤ ማደሪያውም ከባንኮኒው ሥር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረከበው። ኢትዮከለር የተባለውን ቡድን አቋቋመ፣ የሥዕል ማሳያ ጨመረ፣ ከፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበብ ኒሻን ተቀበለ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ፈንዲቃ የቆየው የባህል ማዕከል በመሆኑ ይመስለኛል።

የመናኸሪያው ጎረቤት
የመላኩን ልፋት አልክድም፤ እግሩ መሬት ሲረግጥ ያላየ አይፍረድ። ነገር ግን የውጭ እንግዳ ሰምና ወርቅ አይሰማም፤ ስለዚህ ጭፈራው ገንኖ ግጥሙ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ የግጥም ሰው ነኝ፣ ቅር ይለኛል።

የስድስት ኪሎዋ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። አሁን ማስረጃ ከየት ላገኝ እችላለሁ?

የመናኸሪያው ጎረቤት
ከሰዎቹ ነዋ። ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገብተዋል። የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ያልጣሉ አሉ፤ ቤቱ በማን ስም እንደነበረና መቼ ወደ ንግድ እንደተለወጠ ከዚያ ታነቢዋለሽ። ፎቶግራፍም ጠይቂ፣ በየባንኮኒው ጀርባ ተሰቅሎ የነበረው ሁሉ የት እንደገባ እነሱ ያውቃሉ። ከባለቤቶቹ ይልቅ አስተናጋጆቹን ፈልጊ፤ ማን በዱቤ ጠጥቶ እንደጠፋ ሳይቀር ይነግሩሻል። በዚያ ዝርዝር ላይ የእኔን ስም ካገኘሽ ግን ጽሑፍሽ ውስጥ አታስገቢው።