በጋቢና ውስጥ ስለተገጠመ ካሜራ የሕግ ምክር ስለመጠየቅ

ከባሕር ዳር በዓባይ በረሃ በኩል አዲስ አበባ የምመላለስ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። አሠሪዬ ፊቴን የሚቀርጽ ካሜራ በጋቢናው ውስጥ አስገጥሟል፤ የደጀንን ቁልቁለት ስወርድ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገኝ ጮኾ የሚያነቃኝ በመሆኑ ይህን አልቃወምም፣ እንዲያውም ደግ ነገር ነው። ችግሩ ሞተር አጥፍቼ ከመቀመጫው ኋላ ባለችው አልጋ ላይ ስተኛም ቀይ መብራቱ አለመጥፋቱ፣ ከባለቤቴ ጋር በስልክ የማወራውም አብሮ መቀዳቱ ነው። ቅጂውን ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ብጠይቅ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ «ውል ፈርመሃል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም፤ ውሉ ግን ካሜራ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። የግል ሕይወት መከበርን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቤያለሁ። በዕረፍት ሰዓቴ የሚደረገውን ቀረጻ ለማስቆም አቤቱታዬን አስቀድሜ ማቅረብ የሚገባኝ የዳታ ጥበቃ አዋጁን ለሚያስፈጽመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ወይስ እዚሁ ባሕር ዳር ላለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል?