የኢኤስዲ (ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ እንዳያበላሽ የሚከላከል) ጓንት መሥራቱን በምን ላረጋግጥ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስሠራ የማደርገው አንቲስታቲክ የሚል የተጻፈበት ጓንት አለኝ፣ ከጽሑፉ ውጪ ግን ምንም ማረጋገጫ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመልቲሜትር ስለካው ኦኤል (ከሜትሩ አቅም በላይ) ነው የሚለኝ፣ አይሠራም ማለት ነው? ሪስት ስትራፕ (እጅ አንጓ ላይ ታስሮ በገመድ ከግራውንድ የሚገናኝ ማሰሪያ) አደርጋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማትም (ምንጣፍ) ግራውንድ ተደርጓል፣ ማለትም ከመሬት ጋር ተገናኝቷል።

መልስ 1፦
በመልቲሜትር አትፍረድበት ወንድሜ። አብዛኛው መልቲሜትር ከጥቂት አስር ሜጋ ኦም በላይ አያነብም፣ ደህና ጓንት ደግሞ ከዛ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል ጥሩ ሆኖም ኦኤል ይልሃል። በ10 እና በ100 ቮልት የሚለካ የኢኤስዲ ሜጋኦም ሜትር ያስፈልግሃል። የገጽ ሬዚስታንሱ ከ10 ሺህ ኦም እስከ 100 ጊጋ ኦም ባለው ውስጥ ከሆነ ዲሲፔቲቭ (ስታቲኩን ቀስ አድርጎ የሚያስወጣ) ነው፣ ከዛ ካለፈ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ) ነው።

መልስ 2፦
እሱ ልክ ነው ግን ተዘርግቶ የተለካና እጅ ላይ ያለ ጓንት አንድ አይደሉም፣ ላብህ ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል። ስለዚህ አድርገኸው ለካ። ሪስት ስትራፑን እንዳሰርክ ገመዱን ከግራውንድ ንቀለውና ከሜትሩ አንዱ ጫፍ ጋር አገናኘው፣ ሌላውን ጫፍ ፕላስቲክ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ብረት ጋር፣ ከዛ በጓንቱ ጣት ብረቷን ጫን አድርገህ በ100 ቮልት አንብብ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቅ። ስትራፑ ውስጥ ያለው 1 ሜጋ ኦምም አብሮ ይቆጠራል። የኤሌክትሪሺያኖቹን 500 ወይም 1000 ቮልት የሚያወጣ ኢንሱሌሽን ቴስተር ግን ሰውነትህ ላይ በፍጹም እንዳትሞክር፣ አደጋ አለው!!

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ጨርቅ ነው፣ ጥቁር ጥቁር ክር በመስመር አለው፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ተቀብቷል።

መልስ 3፦
እንግዲህ እሱ ነጭ ነው ዋናው ጉዳይ። ጥቁሩ ካርቦን ያለበት ክር ነው፣ ቻርጁን ይወስዳል፣ ቺፑን የሚነካው ግን ቅቡ ነው፣ እሱ ኢንሱሌተር ከሆነ ክሩ ብዙም አይጠቅምህም። ስለዚህ መዳፉን ሳይሆን የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ለካ። አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን ደግሞ ድገመው፣ እርጥበት ባለበት ቀን ብዙ ጓንት ጥሩ መስሎ ይታያል። አጥበኸው ከሆነም እንደገና ለካ፣ አንዳንዱ ላይ ላዩን የተቀባ ኬሚካል ስለሆነ በእጥበት ይለቃል። ስፓርክ አልተሰማኝም ብለህ ደግሞ አትተማመን፣ ሰው ስታቲክ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ከ100 ቮልት በታች የሚበላሽ ቺፕ ግን አለ።