የጋራ ቴስታታችን ዕቅድ፦ ቫልቭ ጋይዱን ምን ያህል እንቁረጥ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ የውድድር ሞተር በምናዘጋጀው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ የፖርቱን፣ ማለትም የአየርና የጭስ መተላለፊያውን፣ ቅርጽ ተስማምተንበታል። የቀረን ጋይዱ፣ ማለትም የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ቱቦ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የመግቢያውም የመውጫውም ጋይድ ከፖርቱ ጣሪያ እኩል ይቆረጥ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምክንያቴ ጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 12,000 ሲዞር አንድ የመሳብ ምት 2.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት አየሩን የሚያደናቅፍ ነገር ባይኖር እመርጣለሁ። እስቲ አስተያየታችሁን ወዲህ በሉ።

የሬቲፊካ ባለሙያ፦
የመውጫውን ጋይድ ባትነኩት ይሻላል። የመውጫ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን፣ ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ የሚያስወጣው በሲቱ (ቫልቩ ሲዘጋ በሚያርፍበት ቀለበት) በኩል ነው። የቀረው በግንዱ አድርጎ ወደ ጋይዱ ይሄዳል። ጋይዱ ሲያጥር ይህ መንገድ ይጠባል፤ ግንዱም ለጋለው ጭስ ይጋለጣል። ካርቦን ይጋገርበትና ቫልቩ ይይዛል። ሌላው መወላወሉ ነው። አጭር ጋይድ ውስጥ ትንሽ ክፍተት እንኳ የቫልቩ ጭንቅላት ጋ ስትደርስ ሰፍታ ትታያለች። ቫልቩ አዘምሞ ያርፋል፣ ሲቱ ይበላል፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል። በከፍተኛ ዙር ደግሞ ይህ ሁሉ ቶሎ ነው የሚመጣው።

ወጣት አባል፦
ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኛ ሞተር ቢለንቼሪ (በካሙና በቫልቩ መካከል ያለ ገፊ ክንድ) የለውም። ካሙ በቀጥታ ታፔቱን (ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለውን ኩባያ) ነው የሚጫነው። የጎን ግፊቱን ታፔቱ ከቻለው መግቢያውን ማሳጠር አይቻልም?

የሬቲፊካ ባለሙያ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ መግቢያው ላይ እስማማለሁ። መግቢያው በአዲስ አየር ስለሚቀዘቅዝም ይችላል። ቢለንቼሪ ያለው ሞተር ቢሆን ግን እሺ አልልም ነበር። እሱ የግንዱን ጫፍ እየገፋ ጋይዱን ሞላላ ያደርገዋል።

የፖርት ሠራተኛ፦
እኔ ደግሞ ትኩረታችሁን ወደ ጉብታው ልመልሰው። አየሩን በብዛት የሚዘጋው ጋይዱን አቅፎ የያዘው የአሉሚኒየም ጉብታ ነው። ጋይዱን እኩል ብንቆርጠውም ግንዱ እዚያው አየሩ መሃል ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ጉብታውን በአየሩ አቅጣጫ እናሹለው፤ የጋይዱንም ጫፍ በቶርኖ እናሹለው። ርዝመቱ ብዙም ሳይቀንስ መንገዱ ይከፈታል። ጉብታውን ከመጠን በላይ ማሳሳት ግን አያዋጣም፤ ጋይዱን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ጋይዱ ገብቶ እያለ በግራይንደር እንዳትነኩት። ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ አፉም ይሸረፋል። አሮጌው ይውጣ፣ ፖርቱ ባዶውን ይሠራ፣ ከዚያ የሾለው አዲስ ጋይድ ይግባ።

የሬቲፊካ ባለሙያ፦
ይህን ወድጄዋለሁ። ቅደም ተከተሉም ረቂቁ ላይ ይስፈር። ቴስታታው እኩል ከሞቀ በኋላ ጋይዱ ይገባል፣ ቀዳዳው በልኩ ይስተካከላል፣ ሲቱ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል። ሲት የሚቆረጠው በጋይዱ ማዕከል ስለሆነ ቀድሞ የተቆረጠ ሲት ልፋቱ ከንቱ ነው። ክፍተቱን የአምራቹ መመሪያ ይወስን፤ መውጫው ከመግቢያው ትንሽ ሰፋ ይላል። ጋይዱ ብሮንዝ ቢሆን እመርጣለሁ። ከጊዛ (ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት) የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል።

ወጣት አባል፦
የላይኛው ጫፍስ? ከፍ የሚያነሳ ካምሻፍት ካስገባን የሞላው (የቫልቩ ስፕሪንግ) ቆብ የጋይዱን ጎሚኒ (የዘይት መከላከያ) ሊመታ ይችላል።

አስተባባሪ፦
ጥሩ አስታወስከን። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ክፍተቱ እንዲለካ እጨምራለሁ።

ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «የመውጫ ጋይድ ርዝመቱ እንዳለ ይቆያል፤ ጫፉ ብቻ ይሾላል። የመግቢያ ጋይድ ይሾላል፤ ይጠር ወይስ አይጠር የሚለውን ልኬት ይወስናል።» ለዚህም በአንዱ ቴስታታ ሁለት የመግቢያ ፖርቶች ላይ አንዱን እኩል የተቆረጠ፣ ሌላውን የሾለ ጋይድ እናድርግ። ሁለቱንም በፍሰት መለኪያው በ28 ኢንች የውሃ ግፊት፣ በእያንዳንዱ የቫልቭ ከፍታ እንለካለን። ልዩነቱ ከመለኪያው ስህተት ካልበለጠ ረጅሙን እንይዛለን።

የፖርት ሠራተኛ፦
በዚህ ተስማምቻለሁ። ሁለቱን ፖርቶች ግን አንድ ሰው ይሥራቸው። አለበለዚያ የምንለካው የጋይዱን ሳይሆን የእጃችንን ልዩነት ይሆናል።