ሲኦፒዲና የሳንባ ደም ስር ግፊት፦ ሲልደናፊል ልጀምር ወይስ ኦክስጅን ይቅደም?

ጠያቂ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ደቡብ ወሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ የደላንታ ደጋ የመጡ የ62 ዓመት እናት ናቸው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን መስኮት በሌለው ማድ ቤት ኩበት እያነደዱ ጋግረዋል። ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ) ሲኦፒዲን፣ ማለትም የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ አረጋግጧል፤ ኤፍኢቪ1 (በመጀመሪያው ሰከንድ ተነፍሶ የሚወጣው አየር) ከሚጠበቀው 41 በመቶ ነው። ደሴ ላይ ኦክስጅን ሳይሰጣቸው ሳቹሬሽናቸው (የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት) 84 በመቶ ነው። እግራቸው አብጧል፣ የአንገት ደም ስራቸው ተወጥሯል። በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በትራይከስፒድ፣ ማለትም በቀኝ ልብ ቫልቭ፣ ወደኋላ የሚመለሰው ደም ፍጥነት 3.5 ሜትር በሰከንድ፣ የተገመተው የሳንባ ደም ስር ግፊት 59 ሚሜ ሜርኩሪ፣ ቀኝ ልብ ሰፍቷል፤ ግራ ልብና ሚትራል ቫልቭ ደህና ናቸው። ቤተሰቡ ሲልደናፊል (የሳንባ ደም ስርን የሚያሰፋ መድኃኒት) ገዝቶ መጥቷል። ልጀምርላቸው? 84ቱስ ከከፍታው የመጣ ይሆን? ኮምቦልቻ ወርደው ቢቀመጡስ?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ዶክተር፣ ሲልደናፊሉን አይጀምሩላቸው። አየር በደንብ የማይደርሰው የሳንባ ክፍል ደም ስሩን ያጠብባል፤ ደሙ አየር ወዳለበት እንዲዞር። መድኃኒቱ ያንን ጥበት ሲከፍተው ደም ኦክስጅን ሳይዝ ያልፋል፣ ሳቹሬሽኑ ይባስ ይወርዳል። የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያም የሳንባ በሽታ ላለባቸውና ግፊቱ ከባድ ላልሆነባቸው እነዚህን መድኃኒቶች አይመክርም። ከባድ የሚባለው የሳንባ ደም ስሩ ለደም ፍሰት ያለው ተቃውሞ ከ5 «ውድ ዩኒት» (የተቃውሞው መለኪያ) ሲያልፍ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው በቀኝ ልብ ካቴተር (ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንጂ በኢኮ አይደለም። በተነፋ ሳንባ የኢኮ ግምት ወደላይም ወደታችም ይስታል። የ59ን ቁጥር ብቻ ይዘው አይወስኑ፤ የቀኝ ልብ ስፋትና የመኮማተር አቅሙ የበለጠ ይነግርዎታል።

84ቱን በከፍታ አያመካኙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች አማካይ ሳቹሬሽን 95.3 ነበር። ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ) ከ55 በመቶ ካለፈም ምክንያቱ «ደገኛ ስለሆኑ ነው» አይባልም።

ኮምቦልቻን በተመለከተ፦ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት 3,000 ሜትር ላይ 100 ሚሜ ሜርኩሪ ገደማ፣ ደሴ ላይ 108፣ ኮምቦልቻ ላይ 118 ነው። ይጠቅማል፤ ኦክስጅኑን ግን አይተካም። የሚንከባከባቸው ሰው ደጋ ከቀረ ደግሞ መውረዱ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍኢቪ1 ከ60 በላይ ሆኖ ግፊቱ ይህን ያህል ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክንያት ፈልጉ እል ነበር። የእሳቸው 41 ከግፊቱ ጋር ይሄዳል። ቢሆንም የድሮ ቲቢ ጠባሳን በራጅ ይዩ፤ ትንፋሽ ማጠሩ በድንገት የከፋ ከሆነ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም ይጠርጥሩ።

መልስ፦ የፅኑ ሕሙማን ነርስ

አብሽር ዶክተር፣ ኦክስጅኑ በደንብ ከተሰጠ ለውጥ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የእንግሊዝ ጥናት በቀን 15 ሰዓት ኦክስጅን ካገኙት 42 ሰዎች በ5 ዓመት 19 ሞቱ፤ ካላገኙት 45 ደግሞ 30። ስለዚህ ሲያፍናቸው ብቻ የሚከፈት ከሆነ ከንቱ ነው። የእንቅልፉን ሰዓት ጨምሮ ቢያንስ 15 ሰዓት።

በደቂቃ 1 ሊትር ይጀምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይለኩ፣ በግማሽ ሊትር እየጨመሩ ሳቹሬሽኑ 88–92 ሲደርስ ያቁሙ። 97 ስላየን ደስ አይበለን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማችባቸዋል። የጠዋት ራስ ምታት፣ ድብታ፣ የተዘረጋ እጅ መርገፍገፍ ካዩ ሳቹሬሽኑ ወደ 88 እስኪደርስ ድረስ ፍሰቱን ይቀንሱ እንጂ በአንዴ አይዝጉት። ኦክሲሜትሩን (የሳቹሬሽን መለኪያውን) እንሶስላ ባልሞቀ ጣት ላይ፣ እጃቸው ከሞቀ በኋላ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቀው ያንብቡ። በሽታው በተነሳበት ሰሞን ከተጀመረ ከ60 እስከ 90 ቀን ውስጥ እንደገና ይለካ፤ አለበለዚያ የማያስፈልገው ሰው መሣሪያ ይዞ ይቀመጣል።

ለእብጠቱ ፍሮሴማይድ (የሚያሸና መድኃኒት) 40 ሚሊግራም ጠዋት ይበቃል፤ በየቀኑ ክብደት ይመዘን። ብዙ ካሸኑ ቀኝ ልብ የሚገፋው ደም ያጣና የሰውነታቸው የደም ግፊት ይወርዳል። ሳልቡታሞልም (የአየር ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት) ፍሮሴማይድም ፖታሲየም ስለሚያወርዱ በሳምንቱ ይመርመር።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ሰፈራቸው መብራት ይቆራረጣል፤ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ በመብራት የሚሠራ መሣሪያ) ይሻላል ሲሊንደር?

መልስ፦ ባዮሜዲካል ቴክኒሻን

ሁለቱም። ኮንሰንትሬተር ሲገዛ መጀመሪያ መመሪያው ላይ የተፈቀደውን ከፍታ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ እስከ 2,286 ሜትር፣ አንዳንዶቹ እስከ 3,048 ሜትር ናቸው። ከዚያ በላይ ፍሰቱ ልክ መስሎ ንጽሕናው ይወርዳል። ደህና መሣሪያ 93 በመቶ ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል፤ የንጽሕና መለኪያው 82 ካነበበ ማጣሪያው ወይም ዚዮላይቱ (ኦክስጅኑን ከአየር የሚለየው ማዕድን) ተበላሽቷል። ማድ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፣ ጢሱ የውጪውን ስፖንጅ በቶሎ ይደፍነዋል። ስፖንጁ በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ፣ ፍጹም ደርቆ ይመለስ። ስታቢላይዘር (የመብራት ኃይል ማረጋጊያ) አይቅር።

ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ 6,800 ሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 1 ሊትር 113 ሰዓት፣ በቀን 15 ሰዓት ከተጠቀሙ ሳምንት ሙሉ። በ2 ሊትር ግማሹን ብቻ። ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ይታሰር፤ ቢወድቅና ቫልቩ ቢሰበር ሰው ይገድላል።

ኦክስጅን እሳት ስለሚያባብስ ለቤተሰቡ በጥብቅ ይንገሯቸው፦ የቡናው ከሰል፣ እጣኑም፣ ከሳቸው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ኦክስጅን ላይ ሆነው ፊታቸውን ቅቤ ወይም ቫዝሊን አይቀቡ፤ አፍንጫቸው ከደረቀ ውሃ ላይ የተሠራ ቅባት ይጠቀሙ። የሲሊንደሩን መክፈቻም በቅቤ እጅ የሚነካ ሰው አይኑር።